የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን «አይ ኢ» እያለ ይቆማል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለን። ሲጀምር ደህና ነው። ትንሽ ውሃ ካስገባ በኋላ ግን ይጮህና «አይ ኢ» የሚል ኮድ ያወጣል። መመሪያው ውሃ በበቂ አልገባም ማለት ነው ይላል። ከሶኬት ነቅዬ ስመልሰው ኮዱ ይጠፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ይመጣል።

ቧንቧው ክፍት ነው፤ ጎማውም አልታጠፈም። ጎማው ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት በፒንሳ አወጣኋት። ቡናማ ደለል ጠቅጥቋት ነበር። በጥርስ ብሩሽ አጥቤ መለስኳት። ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም።

ልብ ያልኩት ነገር አለ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ማሽኑ ያለ ችግር ያጥባል። የሚያስቸግረው ከሮቶ ስንጠቀም ነው። ሮቷችን ከማሽኑ 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ይህ 0.3 ባር ገደማ ግፊት ነው። መመሪያው ደግሞ ቢያንስ 0.5 ባር ይላል። ስለዚህ «ቫልቩ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» ያለኝን ባለሙያ ማመን ከበደኝ።

ትንሽ የግፊት ፓምፕ ብገዛ ይፈታል? ወይስ ሮቶውን ከፍ ማድረግ ይሻላል? ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፣ ልብሱ ተከምሯል። የገጠማችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ።