ጥቆማ፦ በሞተር ሳይክል ሞተር የምትሄድ መኪናችንን ጩኸት በባሕር ዳር ማን ይቀንስልናል?

ከሽምብጥ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑዳችንን የበላች ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና በእጃችን ሠርተን ጨርሰናል። ቻሲሷ ከብረት ቱቦ የተበየደ ነው። ከወንበሮቹ ኋላ የተቀመጠው ሞተር የሞተር ሳይክል ነው፤ 200 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው በካቴና ነው። የኋላ ማርሽ ስለሌላት መመለስ ስንፈልግ ወርደን እንገፋታለን። ሰሌዳም ስለሌላት ከአጎታችን ግቢ አትወጣም፤ ግቢው ሰፊ ነው፤ ግን ሐይቅ ዳር ነው።

ችግራችን ጩኸቷ ነው። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ የሚናገረው አይሰማኝም። በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ ስልኬን ከጆሮዬ አጠገብ ይዤ ስለካ 97 ዴሲቤል አነበበልኝ። ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥሩ ላይ ቆመው «ወፍጮ መትከላችሁ መልካም ነው ልጆቼ፤ እህል የምትቀበሉት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉን።

አንድ ጋራዥ ውስጧን በሙሉ በስፖንጅ ልልበጥላችሁ ብሎ የሞተሩን ግማሽ ዋጋ ጠየቀን። ያዋጣል? ከዚህ የተሻለ ዕቃ ወይም ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙን።

ከድባንቄ፦

ለምን ገንዘብ ታወጣላችሁ? የእንቁላል መያዣ ካርቶን ከየሱቁ በነፃ ይገኛል። እኔ ሙዚቃ የምለማመድበትን ክፍል በእርሱ ነው የለበጥኩት።

ከዓባይ ማዶ፦

ልጄ፣ የስፖንጁን ገንዘብ ለጊዜው ኪስሽ ውስጥ አቆዪው። ካርቶኑንም ለእንቁላሉ ተይለት፤ ሞተር አጠገብ ወረቀት መለጠፍ እሳት መጋበዝ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ ኖሬአለሁ። ጮኸብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ላልብሰው?» ብሎ ነው። የሚያፈስ ጣራ ትቶ ወለል እንደ መወልወል ነው። ስፖንጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የሚላተመውን ቀጭን ድምፅ ይመጥጣል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ጥሶት ያልፋል። ሞተርሽ በ5,000 ዙር በሰከንድ አርባ ሁለት ጊዜ ያህል ይተኩሳል። የዚያ ድምፅ አንድ ሞገድ ስምንት ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሦስት ሴንቲሜትር ስፖንጅ ለእርሱ ምኑ ነው?

ሌላም ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እኩል የሚጮኹ አራት ምንጮች ቢኖሩሽና አንዱን ፈጽመሽ ብታጠፊው፣ የምታገኚው ቅናሽ ከ1 ዴሲቤል ጥቂት የሚበልጥ ነው። ጆሮ «በግማሽ ቀነሰ» የሚለው 10 ዴሲቤል ያህል ሲወርድ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሠርቶ «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ ተስፋ የቆረጠውን ሰው አትስሚው፤ ሦስቱ ሳይነኩ ቀርተው ይሆናል።

አሁን ልጠይቅሽ። ሞተሩን ከሞተር ሳይክሉ ስታወጡት የአየር ማጣሪያው ሳጥን የት ሄደ? ቦታ አልበቃ ብሏችሁ ጥላችሁት በምትኩ ሾጣጣ ፊልትሮ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተር አፍ ላይ እንዳሰራችሁ እወራረዳለሁ። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ያ ሳጥን ግን አቧራ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያሰማውን ማጓራት የሚያፍን የመግቢያ ማርሚታ ነው። እናንተ ደግሞ ያንን አፍ ከጆሯችሁ ኋላ አስቀምጣችሁታል። ወደ መለዋወጫ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ሞተር ሳይክል ጠጋኞች ዘንድ ያገለገለ ሳጥን ጠይቂ፤ ለሞተሩ የተሠራው ራሱ ከተገኘ ከማንኛውም የቤት ፈጠራ ይሻላል። ካጣሽ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አጥበሽ ሳጥን ማድረግ ይቻላል፤ ፊልትሮው ውስጥ ይሁን፣ አየር የሚገባበት ቱቦ ረዘም ይበልና ከወንበሩ ዞር ይበል፣ የጀሪካኑ ገላ እንዳይርገበገብ ከውጪ የከመነዳሪ ቁራጭ ለጥፊበት። ከዚያ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ አውጥተሽ እዪ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ማብዛቱ አይቀርም።

የጢስ መውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ በተመለከተ ሦስት ምርጫ አለሽ፤ ሦስቱንም አይቻለሁ። አንደኛው አዲስ የባጃጅ ማርሚታ ነው። በቀላሉ ይገኛል፤ ይሁንና ሆዱ ትንሽ ነው፤ አስመስለው የሚሠሩትም ውስጣቸው ቶሎ ይረግፋል። ሁለተኛው በብየዳ ቤት ማሠራት ነው። ብዙዎቹ በያጆች እጃቸው ጥሩ ሆኖ ሳለ ማርሚታን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ያዩታል፤ የተቦረቦረውን ቱቦና በዙሪያው የሚጠቀጠቀውን የመስታወት ጥጥ ካልነገርሽው ባዶ ጣሳ ይበይድልሻል፤ ባዶ ጣሳ ደግሞ ከበሮ ነው። ሦስተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ያልተበሳ የትንሽ መኪና፣ ለምሳሌ የቪትስ፣ የኋላ ማርሚታ መግዛት ነው። ለአንድ ሺህ ሲሲ የተሠራ ሆድ ለ200 ሲሲ ይንጣለላል። የማርሚታ ሆድ ከሲሊንደሩ ይዘት ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን ይባላል፤ ይህ ከዚያም ያልፋል። በያጁ የሚሠራልሽ ማገናኛውን ብቻ ይሆናል። በጎማ አንጠልጥዪው እንጂ በብረት ከቻሲሱ ጋር አታጣብቂው። እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ ጧ ጧ የሚል ከሆነ መጋጠሚያው አየር እየሳበ ነው፤ በመሃሉ ያለውን ጋርኒሲዮን ቀይሪ።

ቀጥሎ የሞተሩ አቀማመጥ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ ተፈጥሮው ነው። በቡሎን ከብረት ቱቦው ጋር ካጣበቃችሁት ወለሉና ጎኑ በሙሉ ድምፅ ማጉያ ይሆናል። የባጃጅ ሞተር የሚቀመጥበት የጎማ ሱፖርት ርካሽ ነው፤ በየመለዋወጫ ሱቁ አለ። ስትገጥሙት ግን ቡሎኑ ራሱ ከላይም ከታችም ብረት እንዳይነካ። ሰው ጎማ ያስገባና ቡሎኑን አጥብቆ ብረት ከብረት ያገናኘዋል፤ ከዚያ ጎማው አልሠራም ይላል። እናንተ ደግሞ ካቴና ስላላችሁ ሞተሩ በጎማ ላይ ሲቀመጥ ካቴናው ወደ ኋላ ይስበዋል። ጫፍና ጫፉ ጎማ ያለው አንድ ደጋፊ ዘንግ ከፊት በኩል አድርጉለት፤ አለዚያ ካቴናው እየላላ ይዘላል።

ብዙም የማያስወጣ ሌላ ነገር፦ ካቴናውን የምትነዳው የፊተኛዋ ባለ ጥርስ ፒኞን ባለ 14 ጥርስ ከሆነች በባለ 15 ቀይሯት። በዚያው ፍጥነት የሞተሩ ዙር ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። አቀበት ላይ ትደክማለች፤ ሐይቅ ዳር ምን አቀበት አለ?

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከወንበሩ ኋላ ያለውን ግድግዳ እዪ። ድምፅ የሚከለክለው ክብደትና ድፍንነት ነው። የገመድና የሽቦ ማሳለፊያ ቀዳዳዎች ተደምረው የግድግዳውን መቶኛ እጅ ቢያህሉ፣ ከምንም ብትሠሪው ከ20 ዴሲቤል በላይ አይከለክልም። በጎማ ድፈኛቸው። ለወለሉ ላሜራ የመኪና ማስዋቢያ ሱቆች የሚሸጡት አሉሚኒየም የለበሰው ተለጣፊ ንጣፍ ጥሩ ነው፤ ውድ ነው እንጂ። የጣሪያ ውሃ መከላከያ የሬንጅ ንጣፍ ይረክሳል፤ ግን በፀሐይ ይሸታል፣ ይቀልጣል፤ ማርሚታ አጠገብ ፈጽሞ አይሆንም። የጭነት መኪና ጭቃ መከላከያ ጎማ ከጎሚስታ ቤት ጠይቂ፤ ከባድ ነው፤ በኮላና በቡሎን ይያዛል። ሙሉ ወለሉን መሸፈን የለብሽም፤ በጣትሽ ስትመቺው «ድም» የሚለውን መሃሉን ብቻ።

ከወደቡ፦

የጋሼን ነገር ሁሉ እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ሰዎች «የእናንተ ሞተር ለምን ዝም ይላል?» ይሉናል። ከኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ጢሱን የሚተፋው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ያንን መኪና ላይ ማምጣት አይቻልም። ጀልባ ውስጥ የሚቀመጠውን ናፍጣ ሞተር ግን በሣጥን ውስጥ እንዘጋዋለን፤ አንዳንዱ ይህን አይቶ ሞተር ሳይክሉንም በሣጥን ልዝጋው ይላል። ተጠንቀቁ! የእኛ በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፤ የእናንተ የሚቀዘቅዘው ክንፎቹን በሚነካው አየር ነው። ከወንበር ኋላ ተቀምጦ እንኳን ሣጥን ገብቶ፣ እንዲሁም ነፋስ አጥቷል። የባጃጅ ሞተር ማራገቢያ የተገጠመለት በዚሁ ምክንያት ነው። ዝም እናሰኛታለን ብላችሁ ትገድሏታላችሁ።

ደግሞ ሰዓት ምረጡ። ማለዳ ከውሃው በላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ ስለሚሆን ድምፅ ወደ ላይ ተበትኖ አይጠፋም፤ ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ ሩቅ ይሄዳል። ደብረ ማርያም ደሴት ላይ መንገደኛ ስጠብቅ እኔ ራሴ ሰምቻችኋለሁ፤ የማን ጀልባ ተበላሸ ብዬ ነበር። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሣ ብትሞክሩ መነኮሳቱም ያርፋሉ።

የፋይበር ሥራ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ለአየር ሳጥኑ፣ ጀልባ ጠጋኞችን ጠይቁ። ከብየዳ ቤት ላሜራ ይልቅ ፋይበር አይጮኽም።

ከሽምብጥ፦

ጋሼ፣ ውርርዱን በልተዋል፤ ሾጣጣ ፊልትሮ ነው ያለን። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ለወደቡ ወንድማችንም እንዲሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ወፍራሙን ትተን ለቀጭኑ ድምፅ ከወንበሩ ኋላ የሆነ ነገር ማልበስ ብንፈልግስ? እናቴ «አሮጌ ባና አለ፣ ውሰዱ» ትለኛለች። ታሹፍብኝ ይሆን?

ከግሽ ዓባይ፦

እኅቴ፣ እናትሽ አላሾፉም። ሶፋ እሠራለሁ፤ ስፖንጅ የምሸጠው እኔው ነኝ፤ ግን ሞተር አጠገብ አድርጉት አልልም። የፍራሽ ስፖንጅ ብልጭታ ካገኘው ይንቦገቦጋል፤ ጢሱም መርዝ ነው። ባና የበግ ፀጉር ነው። ፀጉር እሳት ቶሎ አይዘውም፤ ቢይዘውም እሳቱ ሲነሣለት ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ወፍራም ስለሆነ ቀጭን ድምፅ ይመጥጣል። ሁለት እጥፍ አድርገሽ በሸራ ስፊውና በቁልፍ አንጠልጥዪው፤ ለማጠብ እንዲወጣ። ጉዳቱ ሁለት ነው፦ ብል ይበላዋል፤ ውሃም ይጠጣል። ሐይቅ ዳር እርጥብ ባና ከላሜራ ጋር ካደረ ብረቱ ይዝጋል። ስለዚህ ከላሜራው አንድ ጣት ያህል ይራቅ፤ ያ ክፍተት ለድምፁም ይጠቅማል። እውነተኛ ባና መሆኑን ብቻ አረጋግጪ፤ አሁን በገበያው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ባና ተብሎ ይሸጣል። ፀጉሩን ለኩሰሽ አሽትቺ፦ የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተሽ እውነተኛ ነው፤ ላስቲክ ከሸተተሽ ተዪው።

ከሽምብጥ፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሞተር ሳይክል ጠጋኞች ዘንድ የሞተራችንን ሳጥን አገኘን፤ አንድ ጆሮው ተሰብሮ ነበር፣ በፋይበር ተጠገነ። የቪትስ ማርሚታውን አሮጌ ዕቃ ተራ ሦስት ቀን ፈልገን ነው ያገኘነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲነቀነቁ ውስጣቸው ተንኳኳ። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዙር ሳጥኑና ማርሚታው ብቻ 97ን ወደ 91 አወረዱት። ሱፖርቱና ደጋፊው ዘንግ ሲገጠሙ ዴሲቤሉ ብዙ አልተለወጠም፤ መሪው ግን እጄን ማደንዘዙን ተወ። የጭቃ ጎማው፣ ቀዳዳዎቹን መድፈኑና ባናው ተጨምረው 87 ላይ ነን። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ለማነጻጸር ግን በቃን። በ94 ዴሲቤል ጆሮ ያለ ጉዳት የሚታገሠው በቀን አንድ ሰዓት ያህል እንደሆነም አነበብኩ፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ያጥራል፤ ስለዚህ ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛም ገዝተናል። ለስፖንጅ ከተጠየቅነው ገንዘብ ሲሶው ገና አለን።

አሁን ግን አዲስ ነገር መጣ። ሞተሩ ዝም ሲል ከግራ የኋላ ጎማ በኩል «ግርርር» የሚል ተሰማ። በፊት ነበረ ወይስ እኛ አመጣነው?

ከዓባይ ማዶ፦

ነበረ፤ ወፍጮው ሸፍኖት ነው። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ይመስለኛል። ካቴናውን አውልቂ፣ ጎማውን በክሪክ አንሥተሽ በእጅሽ አሽከርክሪው፤ ሌላኛውን እጅሽን ሞላው ላይ አድርጊ። ንዝረቱ እጅሽ ላይ ከተሰማሽ ኩሽኔታው አልቋል። በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ ከቻሲሱ ሥር እንጨት አስገቡ። ስትገዢ ደግሞ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፤ ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል።