ጋልቫናይዝድ ብረት ስበይድ የዋልሁ ዕለት ማታ የሚይዘኝ ትኩሳት ከጭሱ ይሆን?

ጥያቄ

በሙያዬ በያጅ ነኝ። ከዚህ በፊት የምበይደው ተራ ብረት ነበር፤ አሁን ግን ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ የመበየድ ሥራ ስለመጣ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጠባብ በሆነ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። እንዲህ በዋልሁበት ዕለት ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ያተኩሰኛል፣ መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል፣ አፌም ብረት ብረት ይለኛል፤ ከአንድ ቀን በኋላ ግን ይተወኛል። ሰኞ ዕለት ይብስና ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ቀለል ይላል። የሥራ ባልደረቦቼ «ሰውነትህ እየለመደው ነው» ይሉኛል። አፍና አፍንጫዬን በጨርቅ ማስክ እሸፍናለሁ። በእርግጥ የሚለመድ ነገር ነው ወይስ እየተጎዳሁ ነው?

መልስ 1

የገለጹት ሁኔታ የብረት ጭስ ትኩሳት ከሚባለው ሕመም ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ብረት የሚቀልጠው 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ በላዩ የተለበጠው ዚንክ ግን ገና በ907 ዲግሪ ፈልቶ ስለሚተን፣ ያ ነጭ ጭስ ብረቱ ሳይቀልጥ ይነሣል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ጭሱ ከተሳበ ከ4 እስከ 10 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ብዙ በያጆች ጉንፋን ይመስላቸዋል።

ባልደረቦችዎ «መልመድ» የሚሉት ነገር በሁለት ቀን ዕረፍት የሚጠፋ ነው፤ ሰኞ የሚብስብዎትም ለዚህ ነው። ትኩሳቱ መቅለሉ ሳንባዎ ከጭሱ ተጠብቋል ማለት አይደለም። ትንፋሽ የሚያጥርዎት ወይም ደረትዎን የሚያፍንዎት ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ የበየዱትንም ብረት ዓይነት ለሐኪሙ ይንገሩ። ካድሚየም የተባለ ሌላ ብረታ ብረት የተለበጠበት ብረት ጭስ አጀማመሩ ተመሳሳይ ሆኖ ሳንባን በፈሳሽ ሞልቶ ሊገድል ይችላል።

መልስ 2

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ሆኖም እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ትኩሳት የማያስነሣው ጭስ ነው፤ ምክንያቱም ማንም አያስተውለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ ይህም የተራውን ብረት ጭስ ይጨምራል። አይዝጌ ብረት ሲበየድ ደግሞ ስድስት ቫለንሲ ያለው ክሮሚየምና ኒኬል ይወጣሉ። በተራው ብረትና በኤሌክትሮዱ (በመበየጃው ዘንግ) ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ለዓመታት ሲሳብ አንጎልን ይጎዳል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእርምጃ መዘግየትና የጠባይ መለወጥ ያመጣል። በያጆች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸውም ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው።

በክሎሪን የተሠራ ቅባት ማስለቀቂያ የነካውን ብረት ሳይደርቅ ፈጽሞ አይበይዱ፤ የአርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ሙቀትና ጨረር ፈሳሹን ፎስጂን ወደተባለ መርዛማ ጋዝ ይለውጠዋል።

መልስ 3

ስለ ማስኩ ልጨምር። አብዛኛው የጭሱ ቅንጣት ከ1 ማይክሮሜትር ስለሚያንስ የጨርቅ ማስክ አያስቀረውም፤ የብየዳ የፊት መከላከያም ቢሆን ዓይንንና ቆዳን እንጂ ትንፋሽን አይጠብቅም። ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም፣ የብረት ጭስ የሚያጣራ ማስክ ያስፈልግዎታል፤ ጢም ካለ ግን አየር በጎን ይገባል።

ከማስኩ በፊት ግን አሠሪዎ ጭስ መሳቢያ እንዲያስገባ ይጠይቁ። የመሳቢያው አፍ ከራሱ ከመሳቢያው ቱቦ ስፋት በላይ ከአርኩ ከራቀ የመሳብ ኃይሉ እጅግ ስለሚደክም፣ የሚበየደው መገጣጠሚያ በተቀየረ ቁጥር አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ዚንኩን ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ አስቀድመው ይፋቁት፣ አቧራውንም አይሳቡት። ጎንበስ ሲሉ ራስዎ ከሚነሣው ጭስ በላይ እንዳይሆን በጎን በኩል ይቁሙ።