የመስቀል ጦርነት፦ ሃይማኖት መነሻ ነበር ወይስ ሽፋን?

አወያይ፦ ሰላም ለዚህ ቤት! ባለፈው ሳምንት አንድ አባል «የመስቀል ጦርነትን ያመጣው ሃይማኖት ነው» ካለ ወዲህ ለሁለት ተከፍለናል። የመስቀል ጦርነት የምንለው የምዕራብ አውሮፓ ክርስቲያኖች ኢየሩሳሌምን ከሙስሊሞች ለመውሰድ ብለው ከ1096 ጀምሮ የዘመቱትን ነው። ዛሬ ሳንዘላለፍ እንከራከርበት። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

ነጋዴው፦ ሽፋን ነው ባይ ነኝ። ዘማቾቹ መሬት፣ ወደብና ንብረት ነበር የፈለጉት። በ1204 የክርስቲያኑን የቢዛንታይን መንግሥት ዋና ከተማ ቆስጠንጥንያን የዘረፉት መስቀል በልብሳቸው ላይ የሰፉ ሰዎች አይደሉም እንዴ? የቬኒስን የመርከብ ዕዳ መክፈል ሲያቅታቸው በ1202 ዛራ የምትባል የክርስቲያን ከተማ ያዙላት። የሮማው ፖፕ ኢኖሰንት 3ኛ ክርስቲያን ላይ እንዳትዘምቱ ብለው ነበር፤ ማን ሰማቸው?

ቀለሜዋ፦ በ1204 ጥፋት በ1096 በመጀመሪያው ዘመቻ በወጡት ላይ መፍረድ አይቻልም። የኖርማንዲው መስፍን ሮበርት ለመዝመት ብሎ ግዛቱን ለወንድሙ ለእንግሊዝ ንጉሥ በ10,000 ማርክ ብር አስይዟል። ሌላው የዘመቻው መሪ ጎድፍሬም የቡዮንን ግንብ ለሊዬዥ ጳጳስ አስይዞ ነው የተነሣው። ዘረፋ ያማረው ሰው ጎረቤቱን ይዘርፋል እንጂ ያለውን አስይዞ እስከ ኢየሩሳሌም አይሄድም። ሮበርት ደግሞ እዚያ መሬት ሳይዝ አገሩ ገብቷል።

ነጋዴው፦ ሮበርት ተመለሰ፤ ጎድፍሬ ግን የኢየሩሳሌም ገዥ ሆነ። ወንድሙ ባልድዊን ኤዴሳን፣ ሌላው መሪ ቦሄመንድ ደግሞ አንጾኪያን ያዙ። እነሱን ለምን ዘለልሻቸው?

ዲያቆን ዘሸገር፦ ሁለታችሁም ስለ ዘማቾቹ ልብ ትከራከራላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ቤተ ክርስቲያን ስለ መግደል ትል የነበረውን መለወጧ ነው። በ1066 እንግሊዝ አገር ሄስቲንግስ ላይ የኖርማንዲው ዊልያም ካሸነፈ በኋላ የራሱ አገር ጳጳሳት ለራሱ ወታደሮች ቀኖና፣ ማለትም የንስሐ ቅጣት፣ ሰጡ፦ መግደሉን ያወቀ በእያንዳንዱ ሟች አንድ ዓመት፤ መትቶ ይሙት አይሙት ያላወቀ በእያንዳንዱ 40 ቀን። ስንት እንደገደለ የማያውቀው ዕድሜ ልኩን በሳምንት አንድ ቀን ንስሐ ይግባ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይሥራ ተባለ። አስቡት፤ ያሸነፈ ጦር ነው ይህ የተፈረደበት!

30 ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 1095፣ ፖፕ ኡርባን 2ኛ በፈረንሳይ በመሩት የክሌርሞ ጉባኤ ሌላ ውሳኔ ወጣ፦ ለክብር ወይም ለገንዘብ ሳይሆን ለእምነቱ ብሎ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ነጻ ሊያወጣ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደ ሰው ጉዞው በቀኖናው ሁሉ ፈንታ ይቆጠርለታል። ትናንት ቀኖና ያስገባ የነበረው ጦርነት ራሱ ቀኖና ሆነ። መሬት የተጠማ መስፍን የቱንም ያህል ቢጎመጅ ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ ሊሰጥ የሚችለው ካህን ብቻ ነው። ስለዚህ «ሽፋን» የሚለው ቃል ካህናቱን በነጻ ይለቃቸዋል፤ እኔ ግን አልለቃቸውም።

ቀለሜዋ፦ ዲያቆን፣ ታዲያ ክርስትና ራሱ ወደዚህ ይወስድ ነበር እያልክ ነው?

ዲያቆን ዘሸገር፦ በፍጹም! ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት የገደሉ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ ባይባሉም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ብሏል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን ንጉሥ ኒቅፎሮስ ፎቃስ «በጦርነት የሚሞቱ ወታደሮቼ ሰማዕታት ይባሉ» ብሎ ሲጠይቅ ፓትርያርክ ፖሊዬውክቶስ ይህንኑ ቃል ጠቅሶ እምቢ አለው። እምቢ ማለት ይቻል ነበር።

የሐይቅ ልጅ፦ ይህን መስማቴ ደስ ብሎኛል። ግን ዋጋውን የከፈሉትን አንርሳ። በ1096 ገና ከአውሮፓ ሳይወጡ በጀርመን ከተሞች በወርምስና በማይንዝ አይሁድን ፈጁ። በ1099 ኢየሩሳሌም ሲገቡ ሙስሊሙንም አይሁዱንም አረዱ። ደግሞ ወደ ራሳችን እንምጣ፤ የዓፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ንጉሡ በ1332 በሙስሊሞቹ የኢፋት ግዛት ላይ ያካሄደውን ዘመቻ ስለ ክርስቶስ የተደረገ አድርጎ ያቀርበዋል። ስለ አውሮፓ ያላችሁትን እዚህም ትሉታላችሁ?

ነጋዴው፦ እሱማ የኔ ማስረጃ ነው። ወደ ዘይላ ወደብ የሚወስደው የንግድ መንገድ በኢፋት በኩል ነበር። ንጉሡ የኢፋትን ገዥ ሰብረዲንን ካሸነፈ በኋላ ማንን ሾመ? ወንድሙን ጀማለዲንን፤ እሱም ሙስሊም ነው። ጠቡ ከእስልምና ጋር ቢሆን ይሾመው ነበር?

የሐይቅ ልጅ፦ ሹመቱ ላይ እንስማማለን። ግን እንደዚያ ከሆነ ጸሐፊው ለምን የግብርና የመንገድ ጠብ ነው ብሎ አልጻፈውም? ለአንባቢው ያ አይበቃውም ነበር ማለት ነው። እኔ ወሎ ያደግሁ ሙስሊም ነኝ፤ ያንን ትረካ ዛሬም እንዳለ አንሥተው ጎረቤት ላይ የሚያነቡ ሰዎች አሉ፤ ስለ ጀማለዲን ሹመት ግን አንዳቸውም ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ዲያቆን ዘሸገር፦ ልክ ነህ። ሁለቱም አንድ ዜና መዋዕል ውስጥ ነው ያሉት። ከዐውደ ምሕረት ስናስተምር ድሉን ተርከን ሹመቱን የምንዘል እኛ ነን፤ በዚህ የሚወቀሰው ንጉሡ ሳይሆን ሰባኪው ነው።