ከባንኮክ ለደብረ ብርሃን ምን ይገዛል?

የጠባሴ ልጅ፦ ለባንኮኩ ቻቱቻክ ገበያ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ለእናቴ፣ ለሁለት እህቶቼና ለአጎቴ ምን ልግዛ? ሐር የሚሉትስ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ሸማ፦ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን፤ በሌላው ቀን አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። በምድር ውስጥ ባቡር ካምፔንግ ፔት ጣቢያ ውረድ፣ 2ኛው መውጫ ገበያው ላይ ያወጣሃል። ሐሩን ለመለየት ሻጩን አስፈቅደህ ከጫፉ አንድ ክር ምዘዝና ለኩሰው። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከደቀቀ ሐር ነው። ወረቀት ወረቀት ካለ ቪስኮስ የሚሉት ሐር መሳይ ክር፣ ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠነከረ ፖሊስተር። ሻርፑን 100 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ካሉህማ ክብሪትህን አታባክን።

አንኮበሬው፦ የወደድከውን እዚያው ግዛ፤ ገበያው 27 ክፍል ነው፣ ተመልሰህ ሱቁን አታገኘውም። ካመነታህ የክፍሉንና የሱቁን ቁጥር ፎቶ አንሳ። ሦስት አራት ፍሬ ይዘህ የጅምላውን ዋጋ ተከራከር፤ በአንድ ፍሬ ብዙም አይቀንሱም። ደግሞ ብርድ ልብስ ተሸክመህ እንዳትመጣ፣ የመንዝ ባና እያለ!

ሸማ፦ የቡድሃ ሐውልት ለጌጥ ብለህ እንዳትገዛ፤ ያለ ፈቃድ ከታይላንድ አይወጣም። ለአጎትህ ፓወር ባንክ ከገዛህ በእጅ ሻንጣ ያዘው፣ ከሚጫነው ጋር አይፈቀድም።