«ጆሮ ዳባ ልበስ» ለሕዋስ ይባላል?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ሱሉልታ ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ስለ ጽንስ የነርቭ ሥርዓት አፈጣጠር በአማርኛ ሳዘጋጅ፣ ቢኤምፒ የተባለው ፕሮቲን ለጽንሱ ውጫዊ ንብርብር «ቆዳ ሁን» የሚል መልእክት ሲልክ፣ ነርቭ የሚሆኑት ሕዋሳት «ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ባልደረባዬ አገላለጹን ነቀፉት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦
መምህር፣ ባልደረባዎ እውነት አላቸው። ዳባ ባሕታውያን የሚለብሱት የለፋ ቆዳ ሲሆን፣ አነጋገሩ የሚሠራው ነገሩ ጆሮው ደርሶ ሳለ እንዳልሰማ ለሚሆን ሰው ነው። እርስዎ የጠቀሷቸው ሕዋሳት ግን መልእክቱ ጭራሽ አልደረሳቸውም፤ ኖጊንና ኮርዲን የተባሉ ፕሮቲኖች ቢኤምፒን ከሕዋሱ ውጭ ይዘው ያስቀሩታል። የእነዚህ አጋጆች መፍለቂያ፣ ሃንስ ሽፔማንና ሂልዳ ማንጎልድ በ1924 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ከአንድ የሳላማንደር ጽንስ ወደ ሌላው አዛውረው ሁለተኛ የነርቭ ቱቦ ያስገኙበት የጽንስ ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ አነጋገሩን አይጣሉት፤ ቦታ ይቀይሩለት። በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ከጀርባ በኩል የሚነሡ አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት አክሰናቸውን፣ ማለትም መልእክት የሚያስተላልፉበትን ረጅም ክር፣ ወደ መሐል መስመር የሚልኩት ከዚያ የሚመነጨው ኔትሪን የተባለ ፕሮቲን ስለሚጠራቸው ነው፤ ስሙም በሳንስክሪት «መሪ» ከሚል ቃል የተወሰደ ነው። አክሰኑ መስመሩን ከተሻገረ በኋላ ግን፣ ኔትሪን እዚያው እየተመረተ ሳለ፣ ጥሪው አይስበውም፤ እንዲያውም ከዚያው ቦታ የሚወጣው ስሊት የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይገፋዋል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይህ ነው። የስሊት ተቀባይ የሆነው ሮቦ በጎደላቸው የፍሬ ዝንቦች ላይ አክሰኖቹ መሐሉን ደጋግመው ሲሻገሩ ታይተዋል፤ ሙሉ ስሙ ራውንድአባውት፣ እኛ የመኪና አደባባይ የምንለው፣ መሆኑም ከዚህ የመጣ ነው።

ሌላ አባል፦
ወንድሜ፣ ትንታኔዎ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ሕዋስ እንዴት «እንዳልሰማ ይሆናል»?

መልስ፦
አማርኛ በዚህ ረገድ ለጋስ ነው። ሞተሩ «አልነሣም አለ»፣ ዝናቡም «አላባራ አለ» እንላለን፤ ለሞተርና ለዝናብ የፈቀድነውን ለአክሰን የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም። በቢኤምፒው ስፍራ ግን «መልእክቱ መንገድ ላይ ተያዘ» ቢሉ ይበቃል።