«ሰም ቅብጠት ነው» ስለተባለው

የሰንዳፋ መንገድ፦
እሁድ ከሰንዳፋ ስንመለስ ሻይ ቤት የተባለው ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም። የብስክሌቴን ካቴና የቀለጠ የሻማ ሰም ውስጥ እንደምነክር ሳወራ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ ሜካኒክ «ሰም ቅብጠት ነው፤ ለእኛ አቧራ የተቃጠለ ዘይት ይበቃል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ታላቅ ናቸውና ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለ 11 ማርሽ ካቴና ፈልጎ ያጣ ሰው ያውቀዋል። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው የምናስመጣው። የዚያን ካቴና ዕድሜ ለማራዘም አንድ ፓኬት ሻማ ያቀለጠ ሰው ነው ቀበጠ የሚባለው?

ካቴና የሚበላው ከላይ አይደለም። ውስጥ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹን የሚያያይዘው ትንሽ ብረት፣ ፒኑ፣ በሚዞርበት ቦታ። ዘይት አቧራ ይይዛል፤ የያዘውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ያ ጥቁር ጭቃ ብረቱን ይሞርደዋል። ሰም ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ደረቅ ነው። አቧራ እንደ ልቡ አይጣበቅበትም። እኔ የምለው ይሄንን ነው።

ባለ አንድ ማርሽ፦
ወንድሜ፣ እኔ ሰውየው ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ያለሁት ባህር ዳር ነው። እኔ ጋ ብስክሌት የእሁድ ነገር አይደለም። ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከዚያ ሥራ፣ ማታ ከገበያ ዕቃ ጭኜ እመለሳለሁ። አንተ ያልከውን ለማድረግ ካቴናውን መፍታት፣ በቤንዚን ማጠብ፣ ሰም ማቅለጥ፣ መንከር፣ መስቀል፣ መልሶ መግጠም አለብኝ። ያን ቀን በምን ልሂድ? ቅዳሜ ማታ ዘይት ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፣ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ አለቀ። ብስክሌቷ አባቴ የነዳት ናት። እስካሁን ትሄዳለች። ለእንጀራው ለሚነዳ ሰው ሰም ቅብጠት ነው።

የሰንዳፋ መንገድ፦
«በጨርቅ እጠርጋለሁ» አልክ። እንግዲያው አንተም ከእኔ ወገን ነህ። እሳቸው ያሉት የተቃጠለ ዘይት ነው፤ ከጋራዥ በጣሳ የሚቀዳው። አንተ ንጹህ ዘይት አድርገህ ትርፉን ትጠርጋለህ። ደግሞ ያንተ ካቴና ወፍራም ነው፣ ባለ አንድ ማርሽ። ተበልቶ ትንሽ ቢሳብም፣ ማለትም ቢረዝምም፣ ይሸከምሃል። የእኛ ቀጭን ነው፤ ሲሳብ የኋላውን ጥርስ በሙሉ ይዞት ይሄዳል።

ባለ አንድ ማርሽ፦
እኔ የደገፍኩት «ቅብጠት» የሚለውን ነው። ስለ ተቃጠለ ዘይት አንድም ነገር አላልኩም።

የሰንዳፋ መንገድ፦
ቃሉን ከነዘይቱ ነው የተናገሩት። አንዱን ወስደህ አንዱን መተው አትችልም።

አል ቁድራ፦
ዱባይ ነው ያለሁት። አል ቁድራ የሚባል በረሃ ውስጥ የብስክሌት መንገድ አለን። ነፋስ ሲነሳ አሸዋው አስፋልቱ ላይ ይተኛል። መጀመሪያ ስመጣ አገር ቤት እንደለመድኩት ዘይት ቀባሁ። በሦስተኛው ቀን ካቴናው ይንጫጫ ጀመር። ቁጭ ብዬ በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ አሸሁት። ከጥቁሩ ዘይት ውስጥ የአሸዋው ፍሬ ጣቴን ይቧጥጠኛል። ጣቴን እንዲህ ካደረገው ብረቱን ምን እንደሚያደርገው አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰም ነኝ። በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ አንዴ እነክረዋለሁ።

«በምን ልሂድ» ላልከው፣ እኔ ሁለት ካቴና አለኝ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ተነክሮ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል።

ባለ አንድ ማርሽ፦
ሁለት ካቴና ያለው ሰው ነው ቅብጠት አይደለም የሚለኝ። ወንድሜ፣ እኔ ሁለተኛ ካቴና ከምገዛ ለልጄ ጫማ እገዛለሁ። ይሄን የምጽፈው ተናድጄ አይደለም። እንድታውቀው ነው።

አል ቁድራ፦
አውቃለሁ፤ ከአንተ ብዙ የራቀ ኑሮ የለኝም። እዚህም በደመወዝ ነው የምንኖረው። ሁለቱ ካቴናዎች እየተፈራረቁ ስለሚሠሩ እያንዳንዱ የሚለፋው ግማሹን ነው። በአንዴ ይወጣል እንጂ ገንዘቡ ያው ነው።

እንጦጦ ዳገት፦
ስለ ዝናብ የሚያነሳ ሰው ጠፋ። እኔ ሰም ሞክሬ የተውኩት በክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ከእንጦጦ በዝናብ ወረድኩ። ደክሞኝ ስለነበር ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ካቴናው ብርቱካን መስሏል። በአንድ ሌሊት! ዘይት ቢሆን ኖሮ አይዝግም ነበር።

ደግሞ ከእኛ አገር የመጀመሪያው ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የሚባለው ትልቅ የብስክሌት ውድድር ውስጥ የገባው ጽጋቡ ግርማይ ነው። እዚያ ያደረሰው እግሩና ሳንባው ነው፤ ሰም አይደለም። ልጆቻችን መጀመሪያ ኪሎ ሜትር ይብሉ።

የሰንዳፋ መንገድ፦
የጽጋቡን ስም እዚህ ለምን ታመጣዋለህ? እግርን በሰም እንተካ ያለ ማነው? በጥቁር ጭቃ የተሞላ ካቴና ከእግርህ ኃይል ጥቂት ዋት ይበላል። ዳገት ላይ እነዚያን ጥቂት ዋቶች ከየት እንደምታመጣቸው አንተው ታውቃለህ፤ ስምህም ዳገት ነው። እኔ ግን ስለ ፍጥነት አላነሳሁም። ስለ ዕድሜ ነው ያነሳሁት።

ዝናቡ ላይ ግን እውነትህን ነው። ሰም እንደ ዘይት ከዝገት አይከላከልም። በዝናብ ከነዳህ ስትገባ በደረቅ ጨርቅ ትጠርገዋለህ፣ በነጋታው መልሰህ ትነክረዋለህ። ተኝተህ ካደርክ ይዝጋል። ይሄን አልክድም።

እንጦጦ ዳገት፦
ከሰኔ እስከ መስከረም በየቀኑ እየፈታሁ ልንከር? ይሄንንም «ቅብጠት አይደለም» ልትለኝ ነው?

የሰንዳፋ መንገድ፦
በክረምት ዘይት ተጠቀም፣ ማን ከለከለህ። ግን የበጋውን አቧራ በክረምቱ ዝናብ አትመልስልኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ስለ ካቴና ብዙ አላውቅም፤ የምነዳው መንገድ ለመኪና በሚዘጋበት ቀን፣ «መንገድ ለሰው» ሲኖር ከልጆቼ ጋር ነው። ስለ እሳት ግን ልናገር። ባለቤቴ እናንተ የምትሉትን ሰምቶ ሻማ በጣሳ አድርጎ በቀጥታ ከሰል ምድጃ ላይ ጣደው። ካቴናውን ያጠበበት ቤንዚን እዚያው በክፍት ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል። ልጆቹ አጠገቡ ናቸው። እኔ ከጓዳ ስወጣ ሰሙ መጨስ ጀምሮ ነበር። እግዚአብሔር ነው ያተረፈን። እባካችሁ፣ «አቅልጡ» ብላችሁ ስትጽፉ እንዴት እንደሚቀለጥም ጻፉ።

አል ቁድራ፦
እህቴ እግዚአብሔር ይመስገን። ልክ ነሽ፣ ስህተቱ የእኛ ነው። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። 200 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ትነቱ እሳት ይይዛል፤ ውሃ ከደፋሽበት ደግሞ ይፈነዳል። ድስት ውስጥ ውሃ አፍሉና ሰም ያለበትን ጣሳ ውሃው ውስጥ አስቀምጡ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የሻማ ሰም ደግሞ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚህ ውሃው እስካላለቀ ድረስ ከሚገባው በላይ አይግልም። ድስቱ ግን ወጥ የሚሠራበት አይሁን። ቤንዚኑም ውጭ፣ ከእሳት ርቆ፣ ሌላ ቀን።

ባለ መፍቻው፦
ያንን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልጄ አሳየችኝና ነው የምጽፈው።

የሰንዳፋው ልጅ፣ በሰው ፊት ስላሳቅኩብህ ይቅርታ። ቃሉን ግን አልመልስም። ብስክሌት ስጠግን 30 ዓመት አልፎኛል። ሰም ያሉ ልጆች ሱቄ ሲመጡ አያለሁ። ካቴናውን በደንብ ሳያጥቡት፣ የፋብሪካው ግራሶ ውስጡ እያለ ሻማ ላይ ይነክሩታል። ከላይ ነጭ ሆኖ ያምራል። ሰሙ ግን ውስጥ አልገባም። በሁለት ሳምንት እንደ ወፍ እየጮኸ ይመጣል። ቅብጠት ያልኩት ይሄን ነው። የተቃጠለ ዘይት የምሰጠው ለምንድነው? ለመንገደኛ፣ ለተላላኪ፣ ኪሱ ውስጥ የታክሲ እንኳን ለሌለው ልጅ ነው። ከደረቀ ካቴና ይሻለዋል።

የሰንዳፋ መንገድ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ይቅርታ ሊሉኝ አይገባም። አክብሮቴ ያው ነው። ግን የተቃጠለ ዘይት የሞተር ብረት ብናኝና ጥቀርሻ ያለበት ነው። ሞተሩ የጣለውን ነው ካቴና ላይ የምንቀባው። ለእርስዎም እጅ ጥሩ አይደለም፤ በዚህ እጨነቃለሁ።

ያልታጠበ ካቴና ሰም አይገባውም ያሉት ግን ልክ ነው። እኔ ቤንዚን ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ እያናወጥኩ ሦስት ጊዜ እቀይራለሁ፣ የሚወጣው እስኪጠራ። ሰሙ ውስጥ ሲገባ ከየመገጣጠሚያው ትንንሽ አረፋ ይወጣል። አየሩ እየወጣ ሰሙ እየገባ ነው ማለት ነው። አረፋው ሲያልቅ ጣሳውን አውርጄ እስኪወፍር እጠብቃለሁ፤ ትኩሱን ካወጣሁት ሰሙ ፈስሶ ያልቃል። ሲደርቅ እንደ እንጨት ግትር ይላል። አንድ በአንድ በእጅ እያጠፍኩ አላላዋለሁ።

ባለ መፍቻው፦
እሱን ለሚሠራ ሰው ቅብጠት አልልም። ስንቱ ነው እንዲህ የሚሠራው?

ባለ አንድ ማርሽ፦
ጋሼ ቃሉን አልመልስም ብለው ነበር፤ አሁን መለሱ?

ባለ መፍቻው፦
አልመለስኩም። ለማን እንዳልኩት ተናገርኩ።

ማር ቆራጭ፦
እኔ የገረመኝ ሁላችሁም ስለ ሻማ ነው የምታወሩት። በአፍሪካ በማር ምርት አንደኛ የሆነች አገር ይዘን፣ የንብ ሰም ወደ ውጭ እየላክን፣ ከነዳጅ የወጣ ሻማ እናቀልጣለን። ለምን በራሳችን ሰም አንሞክርም? እናቴ ጧፍ ትሠራ ነበር፤ ቤታችን ሙሉ ሰም ነው።

አል ቁድራ፦
ወንድሜ ሞክሬዋለሁ። የንብ ሰም ይጣበቃል። ጣትህ ላይ ሲይዝ አይተኸው የለ? ካቴና ላይም እንደዚያው ነው፤ አቧራ ይሰበስባል። የሸሸነውን መልሰን ማምጣት ይሆናል። በጣም ትንሽ ከሻማው ጋር መቀላቀል ይቻላል፤ ብቻውን ግን አይሆንም።

ማር ቆራጭ፦
«ይጣበቃል» ማለት እኮ ቶሎ አይረግፍም ማለት ነው። የእንጦጦው ልጅ በዝናብ ዛገብኝ ያለው ሻማው ስለረገፈበት ነው። የአገርን ነገር በአንድ ሙከራ አትጣሉት።

የሁለት ልጆች እናት፦
ደግሞ አደራ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ጧፍ ለዚህ ነገር አይነካም።

ማር ቆራጭ፦
እህቴ፣ ጧፍ አላልኩም። ሰም ነው ያልኩት። የእናቴን ሥራ ለማስታወስ ነው ጧፍን ያነሳሁት።

የሁለት ልጆች እናት፦
እሺ ወንድሜ፣ በሌላ አትይብኝ። አንዳንዱ ይሳሳታል ብዬ ነው።

እንጦጦ ዳገት፦
ከጧፍ ወደ ካቴና እንመለስ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሰንዳፋው ልጅ ካቴና በእውነት ያነሰ ተበልቶ ከሆነ በመለኪያ ይታያል አይደል?

ባለ መፍቻው፦
በማስመሪያ ይታያል። ከአንድ ፒን መሃል ጀምረህ፣ እሱን ሳትቆጥር፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ለካ። አዲስ ከሆነ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ተኩል ከጨመረ ለቀጭን ካቴና በቃው። ከሁለት ሚሊ በላይ ከሄደ ጥርሱንም ይዞ ጠፍቷል። ይምጣና ልለካው። በዘይት የሚነዳም አብሮ ይምጣ።

የሰንዳፋ መንገድ፦
እመጣለሁ ጋሼ። የእኔ 2,400 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከእኔ ጋር የሚለካው ግን ተመሳሳይ ካቴና፣ ተመሳሳይ መንገድ የሄደ ይሁን። የባህር ዳሩን ወፍራም ካቴና አምጥታችሁ «ይኸው አልተሳበም» እንዳትሉኝ።

ባለ አንድ ማርሽ፦
ለምን አይለካም? ካቴና ካቴና ነው። አንተ ያልተበላ ካቴና ነው የፈለግከው፤ የእኔ አልተበላም። በዘይት!

የሰንዳፋ መንገድ፦
ኧረ ወንድሜ፣ ሁለቱ አይወዳደሩም እያልኩህ ነው።

ባለ አንድ ማርሽ፦
አሁን እዚህ ዝናብ ጀምሯል፣ ልጄን ላመጣት መውጣት አለብኝ። ስመለስ እንቀጥላለን።

የሰንዳፋ መንገድ፦
በሰላም ግባ። ስትመለስ ካቴናህን በነጭ ጨርቅ ጥረገውና የጨርቁን ፎቶ ላክልኝ።