ዌንትወርዝ ላይ መኪናዬ ቆማብኛለች፤ ሚልዱራ ያላችሁ ድረሱልኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሜልበርን ነው። ሚልዱራ ለሦስት ሳምንት ወይን ለቀማ መጥቼ ነበር። ሥራው ሲያልቅ፣ እዚህ ድረስ መጥቼማ ሁለቱ ወንዞች ሲገናኙ ሳላይ አልመለስም ብዬ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳሁ። ዌንትወርዝ መሬይና ዳርሊንግ የሚገጥሙባት ትንሽ ከተማ ናት።

ማየቱንስ አየሁ። ዳርሊንግ ወተት እንደነካው ሻይ ደፍርሷል፤ መሬይ አረንጓዴ ይላል። ከተገናኙ በኋላም ትንሽ ተኮራርፈው ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ልመለስ ስነሳ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ። ኮፈኑን ስከፍት የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ተሰንጥቆ ውኃው ይንፎለፎላል። በፕላስተር ጠቀለልኩት፣ ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ያገኘሁት ጋራዥ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ዛሬ ገና ቅዳሜ! እኔ ሰኞ ማታ ሥራ እገባለሁ፣ ሜልበርን ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ሚልዱራ ይመጣ የነበረው የመንገደኛ ባቡር በ1993 ቀርቷል። በአውቶቡስ ልሂድ ብል መኪናዋን ለማን ትቼ?

እዚህ ለፈርጉሰን ትራክተር መታሰቢያ አቁመውለታል። በ1956ቱ ጎርፍ አፈር እየገፋ ከተማዋን ስላተረፈ ነው። አንዱ ዛሬ ተነስቶ ቢጎትተኝ ምን ነበረበት!

እባካችሁ፣ ሚልዱራ ውስጥ እሑድ የሚከፍት የመኪና ዕቃ መሸጫ የምታውቁ ጠቁሙኝ። መኪናዋ የ2004 ቶዮታ ኮሮላ ናት። የራዲያተሩን ጎማ ገዝቶ የሚያመጣልኝ ካለ የነዳጁንም እችላለሁ። ደግሞ ባለሙያ የሆናችሁ፣ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጬ መልሼ ባስረው ሚልዱራ ያደርሰኛል? የስልኬ ባትሪ 20 ፐርሰንት ነው፣ ቶሎ በሉልኝ።